የዜና የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እንዴት ይጻፋል?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ከሮም የደረሰውን ወሬ ለአንባቢ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ እንበል፤ እንዲህም ጻፋችሁ፦

«በኢጣሊያ ዋና ከተማ በሮም እየተካሄደ ባለው 17ኛው የኦሊምፒክ ጨዋታ ኢትዮጵያን ወክለው ከተሰለፉት አትሌቶች አንዱ የሆነው የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በማራቶን ውድድር ተካፍሎ አመርቂ ውጤት ማስመዝገቡ ተገለጸ።»

አንድም የተሳሳተ ቃል የለውም። ሰውየው ማሸነፉን ግን አልነገራችሁንም።

መጀመሪያ ብዕራችሁን አስቀምጡና ወሬውን በር ላይ ላገኛችሁት ጎረቤት ንገሩት። «አበበ አሸነፈ! ያውም በባዶ እግሩ!» ትላላችሁ እንጂ ጨዋታው ስንተኛ እንደሆነ አትቆጥሩለትም። መጻፍ ያለበት ያ ከአፋችሁ ያመለጠው ነው።

ቀጥሎ ማሰሪያ አንቀጹን ምረጡ። አብዛኛው ዜና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ እስከ አራት ነጥቡ ይጓዛል። ደርሶ የሚያገኘው «ተገለጸ» ከሆነ በከንቱ ደከመ፤ መገለጹ ምኑ ነው ዜና? ቦታውን ለድርጊቱ ልቀቁለት፦ አሸነፈ፣ ፈረሰ፣ ታሰረ። መንገዱንም አሳጥሩ። እኔ ከ15 ቃል ሲያልፍ መቁረጥ እጀምራለሁ።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን አሸነፈ።»

ዘጠኝ ቃል። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ መግባቱና የዓለም ክብረ ወሰን መስበሩስ? ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይጠብቃቸዋል። በየውድድሩ አሸናፊ አይጠፋም፤ ባዶ እግሩ ግን በየውድድሩ የሚገኝ አይደለምና ከመጀመሪያው አይወጣም።

«አስታወቀ» ሁልጊዜ ይጣል ማለቴ አይደለም። «የስኳር ዋጋ እንደማይጨምር ሚኒስቴሩ አስታወቀ» ስትሉ ቃሉ የሚኒስቴሩ ነው፤ ብታወጡት ተስፋውን የሰጣችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። ባላረጋገጣችሁት ነገር ሁሉ ምንጩ እዚያው መግቢያው ላይ ይቀመጥ። «ክቡር» የሚለውና ረጅሙ የሥራ መደብ ወደ ታች ይውረዱ።

በመጨረሻ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ከአራት ነጥቡ በፊት ትንፋሽ ካጠራችሁ የሚወጣ ሐረግ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባው የተካሄደበት ሆቴል ነው።