ሌሊት ለሚገባ መንገደኛ፦ አልጋ አያያዝና ማምሻ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በወሩ 15፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከ40 ደቂቃ በኋላ ከሆነ አልጋው መያዝ ያለበት ከ14 ጀምሮ ነው። ከ15 ከያዙ ክፍሉን የሚረከቡት አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሻንጣ ታቅፎ ሎቢ ውስጥ መቀመጥ ነው።

ቀጥሎ ሆቴሉ ጋ ይደውሉና የበረራ ቁጥርዎንና የሚደርሱበትን ሰዓት ያስመዝግቡ። ለፓስፖርት ቁጥጥርና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጨምሩበት። ሳይናገሩ ከዘገዩ እንደቀሩ ተቆጥሮ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ፣ የቀሩት ሌሊቶችም አብረው ሊሰረዙ ይችላሉ። እንግዳ መቀበያው ሌሊቱን ሙሉ ሰው እንዳለውም ይጠይቁ፤ አንዳንድ ትንንሽ ማረፊያዎች በር ቆልፈው ይተኛሉ።

አድራሻውን በአገሩ ፊደል ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቀድመው ያውርዱት።

መውጣት ካማረዎ (ድካሙ ከፈቀደ!) መጀመሪያ ሻንጣው ክፍል ይግባ። በእግር ከ10 ደቂቃ የማይርቅ ምግብ ወይም መጠጥ ቤት ይምረጡ። የመዝጊያ ሰዓቱን ብቻ አይመኑ፤ ወጥ ቤቱ ቀድሞ ይዘጋል፣ የመጨረሻው ትእዛዝም ብዙ ጊዜ ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። መመለሻውን ሳይወጡ እንግዳ ተቀባዩን ይጠይቁ፣ የሆቴሉንም ካርድ ኪስዎ ይክተቱ።