ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጅ ለሚጥሉ

ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል ሰው፣ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ በርዞ በሚገባ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ካኖረው በኋላ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ለውጥ ባያይ ሊደነግጥ አይገባውም፤ እርሾው ከማሩና ከጌሾው ጋር ስለሚገባ ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ሰፈፉ ተገፍፎ በጥቂት ብርዝ የተቀቀለ ጌሾ ሲጨመርበት ግን ነጭ አረፋ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጆሮውን ወደ ጋኑ አፍ ያስጠጋም ሲንሿሿ ይሰማዋል። ስለዚህ ጋኑ እስከ አፉ አይሞላ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን እንጂ አይታሸግ። በተለይ በጠርሙስ የሚጥል ሰው ይህን ከዘነጋ ጋዙ ጠርሙሱን አፈንድቶ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህን አበክሬ አሳስባለሁ። በቆላ ቶሎ ይፈላል፤ በደጋ ይዘገያል። መፍላቱ ሲበርድ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ ይጠለላል።