ኪያንቲን በአንድ ቀን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪያንቲ በጣሊያን ቶስካና፣ በፍሎረንስና በሲየና መካከል ያለ ኮረብታማ የወይን አገር ነው። በፈጣኑ መንገድ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ካርታው ላይ ትንሽ ስለሚመስል ሰው አምስት መንደር፣ ሦስት ቅምሻና ሲየናን በአንድ ቀን ይደራርባል። (ሰዓቶቹን የጻፍናቸው እዚያ በር ላይ እንደሚለጠፉት ነው፤ 12፡30 ማለት በእኛ ከቀኑ 6፡30 ነው።)

ርቀቱን በኪሎ ሜትር መለካት

መንደሮቹን የሚያያይዘው መንገድ ኤስ-አር 222 ነው፤ አገሬው ኪያንቲጃና ይለዋል። በግሬቬ፣ በፓንዛኖና በካስቴሊና አድርጎ ሲየና ይገባል። ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጠመዝማዛና ጠባብ ስለሆነ፣ ትራክተርና ብስክሌትም ስለሚበዛበት፣ ሳይቆሙ እንኳ ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ለአንድ ቀን የሚበቃው ይህ ነው፦ ጠዋት ግሬቬ፣ ከምሳ በፊት አንድ ቅምሻ፣ ከምሳ በኋላ ራዳ ወይም ቮልፓያ፣ መመለሻው በፈጣኑ መንገድ። የፍሎረንስ–ሲየና ፈጣን መንገድ ክፍያ የለውም። ሳን ጂሚኛኖን እዚህ ላይ መጨመር የተለመደ ነው፤ ማማዎቹ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፣ ግን ከተማው ከኪያንቲ ክላሲኮ (ከጥንቱ የኪያንቲ ክልል) ወሰን ውጭ፣ በስተምዕራብ ነው። ሌላ ቀን ይያዙለት።

በአውቶቡስ የሚሄዱ ደግሞ ባቡር አይጠብቁ፤ ግሬቬም ራዳም ጋዮሌም ጣቢያ የላቸውም። ከፍሎረንስ ግሬቬ አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እሑድ ምልልሱ በጣም ስለሚቀንስ፣ እንደወረዱ የመመለሻውን ሰሌዳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

«አቲቮ» ሲል ክፍት ነው ብሎ መግባት

ውዱ ስህተት ይህ ነው። የፍሎረንስና የሲየና አሮጌው ከተማ ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው፤ ምልክቱ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ሲሆን ዜድ-ቲ-ኤል የሚሉ ፊደላት አሉበት። አጠገቡ በመብራት የሚጻፍ ሰሌዳ ያያሉ፦ «ቫርኮ አቲቮ»። ቃል በቃል «በሩ በሥራ ላይ ነው» ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ተከፍቷል ብሎ ይነዳል። በሥራ ላይ ያለው ግን ክልከላውና ካሜራው ነው። ማለፍ የሚቻለው «ኖን አቲቮ» ሲል ነው። ማንም አያስቆምዎትም፤ ካሜራው ታርጋዎን አንስቶ ዝም ይላል። ከዚያ መኪናውን ያከራየው ድርጅት አድራሻዎን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ ከካርድዎ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል። ዋናው ቅጣት ለብቻው፣ ከወራት በኋላ በፖስታ ይደርሳል፤ ለውጭ አገር ነዋሪ ማስታወቂያው የሚላክበት ጊዜ እስከ 360 ቀን ነው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ሁልጊዜ ስለማያስጠነቅቅ በእሱ አይተማመኑ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለፍሎረንስ፣ ከኤ-1 አውራ ጎዳና በቀጥታ በሚገባበት ቪላ ኮስታንዛ መኪናውን አቁመው በቲ-1 ትራም ይግቡ። ለሲየና፣ ሳንታ ካተሪና የሚባለው ማቆሚያ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሽቅብ ያወጣዎታል። ሌላ ቦታ ሲያቆሙ የመስመሩን ቀለም ይዩ፦ ሰማያዊ በክፍያ፣ ነጭ በነጻ፣ ቢጫ ለተፈቀደለት ብቻ።

ቀምሶ መሪ መያዝ

በቅምሻ አንድ ብርጭቆ ላይ የሚቀዳው 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ አምስቱ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአንድ ጠርሙስ ሲሶ፣ ያውም 14 በመቶ አልኮል ያለው። በጣሊያን ሕግ ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ዜሮ። ሰውነቱ ቀለል ያለ ሰው በዚያች ሲሶ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ለመትፋት ነው፤ ተፍቶ መቅመስ ነውር አይደለም፣ ጠማቂዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። አለዚያ ሹፌሩን ጠዋት ይወስኑ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ፈቃድም መያዝ አለበት።

ሳይቀጥሩ መሄድ፣ ምሳን ማዘግየት

ካንቲናዎቹ (የወይን ጠጅ መጥመቂያ ቤቶቹ) አብዛኞቹ እርሻም መኖሪያም ናቸው፤ በቀጠሮ ነው የሚቀበሉት። ለቀማው በሚካሄድበት በመስከረም ቀጠሮውን ይበልጥ ያስቀድሙ። ምሳ ከ12፡30 እስከ 14፡30 ነው፤ 15፡00 ላይ ቢደርሱ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። በፈረንጆቹ ነሐሴ አጋማሽ፣ ፌራጎስቶ በሚባለው የበዓል ሰሞን፣ ብዙ ቤት ዝግ ነው።

ፍሎረንሳዊውን ስቴክ ሲያዝዙ ዋጋውን ያስተውሉ፤ የሚሸጠው በክብደት ነው። «አል ኤቶ» ማለት በ100 ግራም ነው። ሜኑ ላይ 6 ዩሮ አል ኤቶ ካለ፣ 1.2 ኪሎ የሚመዝነው ቁራጭ 72 ዩሮ ይመጣል፤ ለሁለት ሰው ነው። ውስጡ ቀይ ሆኖ ይቀርባል፤ ቁርጥ ለለመደ ሰው አይከብድም፣ አብስሉልኝ ማለት ግን ወጥ ቤቱን ያስቀይማል። ለሚጾም ሰው ሪቦሊታ አለ፦ ነጭ ቦሎቄ፣ ጥቁር ጎመንና ያደረ ዳቦ። ሾርባው በሥጋ መረቅ መሠራቱን ይጠይቁ፣ «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) ማለትንም አይርሱ። ዳቦው ጨው የለውም፤ ረስተው አይደለም፣ የቶስካና ዳቦ እንዲሁ ነው።

«ኪያንቲ» የሚል ሁሉ አንድ ይመስል

በ1716 የሜዲቺው ኮሲሞ 3ኛ የክልሉን ወሰን በአዋጅ አስከለለ። በ1932 ስሙ ከዚያ ወሰን ውጭ ላለ ሰፊ አገር ተሰጠ፤ የጥንቱ ክልል «ክላሲኮ» የሚለውን ቃል ያዘ። ስለዚህ አንገቱ ላይ የክላሲኮ ምልክት የሆነው ጥቁር አውራ ዶሮ ያለበትን ጠርሙስ ይፈልጉ፤ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከሚባለው ወይን ነው። ከሦስቱ ደረጃዎች ተራው 12 ወር፣ ሪዜርቫው 24፣ ግራን ሴሌሲዮኔው 30 ወር ሳይሸጥ ይቆያል። የገዙትን በሐምሌ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ሙቀቱ ቡሹን ይገፋዋል፣ ጣዕሙንም ያበስለዋል። መዳረሻዎ ኩዌት ወይም ሳዑዲ ከሆነ ጭራሽ አይያዙ፤ ማስገባት ክልክል ነው።

የጠጠሩን መንገድ መናቅ

በጋዮሌ ዙሪያ ያሉት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ውብ ናቸው፤ ግን የብዙ ኪራይ መኪና ኢንሹራንስ ጎማንና የመኪናውን ሆድ አይሸፍንም። ውሉን አንብበው፣ ከ30 ሳይበልጡ ይንዱ። ጎማ ቢፈነዳ መዝገበ ቃላት አይፈልጉ፤ ሰሌዳው ላይ የሚያዩት አገር ቤት የሚያውቁት ቃል ነው፣ ጎሚስታ። እሑድ ግን አብዛኞቹ አይከፍቱም።