የ0.2 በመቶውን ቀረጥ ሥራ ላይ ማዋል፦ የአፍሪካ ኅብረት በጀት በአባላቱ ገንዘብ እንዲሞላ

የኅብረቱ አባል አገሮች መሪዎች ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የተስማሙበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከአፍሪካ ውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 0.2 በመቶ ቀረጥ ይጣላል። ከባዱ አፈጻጸሙ ነው።

መጀመሪያ ሕግ ያውጡ፤ ጉምሩክ ያለ ሕግ ሳንቲም አይሰበስብም። ቀጥሎ ቀረጡ የሚመለከታቸውን ዕቃዎች በታሪፍ መጽሐፉ ይለዩ። ከአባል አገሮች የሚመጣውንና የእርዳታ ዕቃን ከዝርዝሩ ያውጡ። ስሌቱ በዕቃው ዋጋ፣ በመድንና በማጓጓዣ ድምር ላይ ነው፦ የ10 ቢሊዮን ዶላር ዕቃ 20 ሚሊዮን ያስገኛል። አገሪቱ ለኅብረቱ የምትከፍለው ዓመታዊ መዋጮ 12 ሚሊዮን ከሆነ ቀሪው 8 ሚሊዮን እዚያው አገር ይቀራል። ይህን ለፓርላማ አስቀድመው ያስረዱ፤ ብዙ ተቃውሞ የሚነሳው ገንዘቡ ሁሉ ይሄዳል ከሚል ስጋት ነው።

ገንዘቡን በብሔራዊ ባንክ በተለየ ሂሳብ ያስቀምጡ። ከጠቅላላ ገቢ ጋር ከተቀላቀለ በችግር ጊዜ ለደመወዝ ይውላል፤ መዋጮውም ይዘገያል። ሌላው እንቅፋት የውጭ ምንዛሪ ነው። ቀረጡ በአገር ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ክፍያው ግን በዶላር ስለሆነ የምንዛሪ ወረፋውን ቀድመው ያስይዙ።

የበጀት ዓመቱንም አይርሱ። የኅብረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የኢትዮጵያ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ክፍያውን በሁለት ዙር ያቅዱ፤ በስድስት ወር ግማሹን ያልከፈለ አገር በስብሰባ የመናገር መብቱን ሊያጣ ይችላል።