ደረቱ አልነሳ ያለ ማኒኪን፦ የስኪል ላብ ችግርና መፍትሄ

ማኒኪን የጤና ተማሪዎች በስኪል ላብ (በተግባር መለማመጃ ክፍል) የሚለማመዱበት የሰው አምሳል ነው። ቫልቩ መገጠሙን፣ አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ በማስክ በኩል አየር የሚሰጥበት ከረጢት) አለመቀደዱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ደረቱ አይነሳም። ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው። ተማሪው ባጉን ይጨምቃል፣ ማኒኪኑ ንቅንቅ አይልም፣ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም አልሆነም። የሲፒአር (ልብና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጥ እርዳታ) ማኒኪን ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ካላለና አገጩ ካልተነሳ አየር እንዳያሳልፍ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ራሱን የሳተ ሰውም ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጭንቅላቱን አስተካክሉ። ከዚያ ማስኩን ተመልከቱ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማስኩን ይይዛሉ፣ ሦስቱ ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት። ማስኩን ፊቱ ላይ አትደፍጥጡት፤ መንጋጋውን ወደ ማስኩ ሳቡት። ፍስስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አየሩ በጎን እየወጣ ነው።

አንድ ቀን አንዱ ኢንተርን ባጉን በሁለት እጁ እንደ እርጥብ ልብስ ሲጠመዝዘው ደረስኩ። ማስኩን የያዘለት ጓደኛው ሰፊውን ጫፍ አፍንጫ ላይ አድርጎታል። ኧረ ጠባቡ ነው ለአፍንጫ! አዞርኩት፣ ደረቱ ተነሳ፣ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ደግሞ በጉልበት አይደለም። የአዋቂ ባግ 1.5 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ለአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ባጉን እስኪጣበቅ ከጨመቃችሁት አየሩ ሆድ ይገባል።

እጃችሁ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ የደረቱን ቆዳ ግለጡ። የሳንባው ፕላስቲክ ታጥፎ ወይም ተቀዶ ይሆናል። ቀይሩት። በፕላስተር የተጠጋገነ ሳንባ አይቻለሁ። ይባስ ብሎ ፌስታል ቆርጦ በክር ያሰረም ገጥሞኛል! ተማሪው ትክክል ሠርቶም ደረቱ አይነሳለትም፤ ከዚያ የተማረውን ይጠራጠራል። ማኒኪን ስትገዙ መለዋወጫ ሳንባ አብራችሁ እዘዙ።

ደረቱን ሲጫኑት፣ በቂ ጥልቀት መድረሱን የሚያሳውቀው "ቀጭ" የሚል ድምፅ አይሰማም። ክርናችሁ ታጥፏል፣ ወይም ማኒኪኑ ፍራሽ ላይ ነው። ወለል ላይ አውርዱት። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው።

የመርፌ መለማመጃው ክንድ ያፈሳል። አንዱን ቦታ በወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ ያለው መርፌ) ደጋግማችሁ ስለወጋችሁት ነው። ቀጭኑን፣ ሰማያዊውን ባለ 22 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) ተጠቀሙ፤ ቦታም ቀያይሩ። ስትጨርሱ ክንዱ ውስጥ ያለውን ውሃ አፍስሱ፤ አለዚያ ይሻግታል።

የመተንፈሻ ቱቦ በማኒኪኑ ጉሮሮ አይገባም። የማኒኪኑን የራሱን ማለስለሻ ስፕሬይ ንፉበት። ቫዝሊን አይነካም! ላሪንጎስኮፑን (ጉሮሮ ማያ መሣሪያውን) ጥርስ ላይ አታስደግፉ፤ ጥርሱ ይሰበራል።

የማኒኪኑ ቆዳ ላይ በእስክሪቢቶ አትጻፉ። በጋዜጣም አትጠቅልሉት፤ ቀለሙ አንዴ ከገባ በምንም አይለቅም።