መሃሉን ገልጣችሁ ግዙ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ የታሪክ መጽሐፍ ስትገዙ ሽፋኑን አትመኑ። መሃሉን ገለጥ አድርጉና እዚያው ቆማችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። ጸሐፊው «አየሁ»፣ «ጠየቅሁት» ይላል ወይስ «ይባላል» ያበዛል? የጓዳውን ነገር የሚያሳያችሁ የመጀመሪያው ነው።

እኔ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን «ካየሁት ከማስታውሰው» አስቀድማለሁ። ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር አብረው ያደጉ ሰው የቤተ መንግሥቱን ውስጥ ሲያወሩ መስማት ሌላ ነገር ነው! ስለ ደርግ ከሆነ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» አለላችሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ስብሰባው ውስጥ ተቀምጠዋል። ግን ብቻውን አታንብቡት። ባለሥልጣን ለራሱ ማድላቱ አይቀርም። በዚያው ዘመን የታሰረ ሰው የጻፈውንም አብራችሁ ያዙ።

ኪስ ካልፈቀደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) እዚያው ቅርብ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል።