የመኪና ኢንሹራንስ ካሳችሁ ሳይሸራረፍ እንዴት ታገኛላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ በኢንሹራንስ ያልተማረረ ባለመኪና ማግኘት ይከብዳል። ኩባንያዎቹ ብሩን ሲቀበሉ ፈጣን ናቸው፤ ካሳ ሲጠየቁ «ነገ ተመለስ» ይመጣል። እኔም ተመላልሼ አይቼዋለሁ፣ ቅሬታው እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ከአደጋው በኋላ በሚደረገው ክርክር አይደለም። ቀድሞ፣ ውሉን ባደሰበት ቀን ነው ያጣው። ስለዚህ ከውሉ እንጀምር።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሽፋን እንዳላችሁ እወቁ

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ይህ መድን ግን የሚሸፍነው በእናንተ መኪና የተጎዳን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት ነው። የራሳችሁ መኪና ቢጨራመት አምስት ሳንቲም አይከፍላችሁም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተጋጨ በኋላ ነው። ለራሳችሁ መኪና ሙሉ ሽፋን፣ ማለትም ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት እሱ ላለው ሰው ነው።

ውሉን ስትቀበሉ የመኪናው አገልግሎት ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዩ። «የግል» ተብሎ የተመዘገበ መኪና በአፕ ተሳፋሪ ሲያመላልስ ከተጋጨ፣ ኩባንያው ላለመክፈል በቂ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ማን መንዳት እንደሚችልም አንብቡ። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ወይም ለዚያ ዓይነት መኪና የማይሆን ከሆነ ክሌሙ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄው፣ እዚያው ያበቃል። ኤክሰስ የሚባለውን፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ በራሳችሁ የምትሸፍኑትን ድርሻም ዛሬውኑ እዩት።

የመኪናውን ዋጋ በየዓመቱ አስተካክሉ

ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መድን የተገባለት ዋጋ የሚል ቁጥር አለ። ኩባንያው ካሳ ሲያሰላ ይህን ቁጥር መኪናው በአደጋው ቀን ከሚያወጣው የገበያ ዋጋ ጋር ያስተያያል። የእናንተ ቁጥር ካነሰ፣ ለጎደለው መጠን ራሳችሁ የራሳችሁ መድን ሰጪ እንደሆናችሁ ይቆጠራል። ይህ ኩባንያዎች የፈጠሩት ዘዴ አይደለም፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ያለ ደንብ ነው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የመድኑን ክፍል ስላልነካው ዛሬም ይሠራል።

በቁጥር እንየው። መኪናችሁ ዛሬ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። ውሉ ላይ ያለው ግን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። ተጋጭታችሁ የጥገናው ወጪ 300 ሺህ ብር ሆነ። «ሽፋኔ ከሚሊዮን በላይ ነው፣ 300 ሺህ ምን ችግር አለው?» ትላላችሁ። ኩባንያው የሚከፍለው የጥገናውን ግማሽ፣ 150 ሺህ ብር ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል።

ይህ ነገር ባለፉት ዓመታት የባሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። መኪናውም እንደዚያው። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበር እጃችን ላይ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሰው ካልነካው ባለበት ይቀመጣል።

የአክስቴ ልጅ ቪትዝ የደረሰባት ይኸው ነው። ውሉ ላይ 700 ሺህ ብር ነበረ። የፊት ፓራውልት፣ ኮፈን፣ አንድ መብራትና ራዲያተር ሄዷል። ጥገናው 180 ሺህ ብር ተገመተ። ኩባንያው መኪናዋን 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ታወጣለች ብሎ ገመተና 90 ሺህ ብር፣ ያውም ኤክሰሱ ገና ሳይቀነስ፣ አስቦ በደብዳቤ ሰጠው። ተከራከረ፣ ጮኸ። የክሌም ሠራተኛዋ ውሉን ገልጣ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችው። ፊርማው ከሥሩ አለ።

እኔን የሚያናድደኝ ስሌቱ አይደለም። የማደሻው ደብዳቤ ሲላክለት ያለፈው ዓመት ዋጋ እንዳለ ተገልብጦ ነው የመጣው። መኪናዋ ስንት እንደምታወጣ ኩባንያው ክሌም ሲመጣ በአንድ ቀን አወቀ። ሲያድስለት ለምን አላወቀም? አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ ምንም አያስወጣም ነበር። ይህን ማድረግ የሽያጩ ሠራተኛ ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስኪሆን ድረስ ግን ሥራው የእናንተ ነው።

የምታደርጉት ይህን ነው። ውሉ ከማለቁ ጥቂት ሳምንት ቀድማችሁ የእናንተን መኪና ዓይነት፣ ዓመተ ምርትና የሞተር ጉልበት ይዛችሁ ሁለት ሦስት ደላላ ጠይቁ። ለሽያጭ የወጡ መኪኖችን ዋጋም ተመልከቱ። ደላላ የሚጠራው ዋጋና መኪናው የሚሸጥበት ዋጋ ስለሚለያዩ መሃሉን ያዙ። ከዚያ ለኩባንያው «የመኪናዬ ዋጋ ወደዚህ ይስተካከል» ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱ መሃል ላይ ብትሆኑም ይቻላል፤ ለቀሪው ጊዜ የሚገባውን ልዩነት ከፍላችሁ የውል ማሻሻያ ወረቀት ትቀበላላችሁ። ወረቀቱን ሳትቀበሉ «አስተካክለነዋል» በሚል ቃል አትውጡ።

ዋጋውን ከገበያው በላይ ማስጻፍስ? አይጠቅምም። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚከፈላችሁ በዕለቱ ከሚያወጣው ዋጋ አይበልጥም። ትርፉን አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ በከንቱ ነው የምትከፍሉት።

አደጋው ሲደርስ

ሰው ከተጎዳ ሌላው ሁሉ ይቆይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡ። አብዛኛው ሰው የተጎዳውን ቦታ ብቻ ቀርቦ ያነሳል። እሱ የሚያሳየው ጉዳቱን እንጂ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይደለም። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ሁለቱም መኪና፣ የመንገዱ መስመርና መስቀለኛው አብረው እንዲታዩ አንሱ። ቀጥሎ የጎማዎቹን አቅጣጫ። ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰውን መስታወት፣ ምክንያቱም ግጭቱ የደረሰበት ቦታ እዚያ አካባቢ ነው። በመጨረሻ ታርጋና የተጎዳው አካል። የሌላኛውን ሾፌር መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን ስቲከሩንና የኢንሹራንሱን ስም አብራችሁ ያዙ።

«እንስማማ፣ ትራፊክ አንጥራ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሙሉ ሽፋን ካላችሁ እሺ አትበሉ። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ መፈረምም ሆነ ካሳ እከፍላለሁ ብሎ ቃል መግባት ኩባንያው ሳያውቅ ከተደረገ፣ ውሉ ላይ የተከለከለ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ሲያነሳ አጠገቡ ሁኑ፣ የሚለካውን እዩ፣ ያልታየው ነገር ካለ በትህትና አሳዩት። የጣቢያውን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ሳትይዙ አትለያዩ።

በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ

ሕጉ አደጋውን እንዳወቃችሁ እንድታሳውቁ ያዛል፤ ቢዘገይ ከአምስት ቀን እንዳያልፍ። ስልክ ደውላችሁ ቢሆንም ደብዳቤ ጻፉ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና ውሉን በኮፒ አያይዙ።

ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ታስገባላችሁ፣ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ ገቢ ብሎ ማህተም ይመታላችኋል፣ ቁጥርና ቀን ይጽፍበታል። «ማህተም አያስፈልገውም፣ ስልክ ደውልልን» ካሏችሁ እዚያው ቁሙና አስመቱ። ከወር በኋላ ፋይሉ ጠፋ ሲባል፣ ወይም «ዘግይታችሁ ነው ያመለከታችሁት» ሲመጣ፣ ያቺ ወረቀት ከማንኛውም ክርክር ትበልጣለች። ከዚህ በኋላ የምታስገቡትን ሁሉ በዚሁ መንገድ አስገቡ።

ገማቹ ሳያየው ጋራዥ አትጀምሩ

ኩባንያው ገማች ይልካል፣ ወይም መኪናውን አምጡ ይላል። ከዚያ በፊት አንድ ቡሎን እንኳን አታስፈቱ። ገማቹ ሲመጣ ግን ከውጭ አይቶ እንዲሄድ አትፍቀዱ። የፊት ግጭት ከሆነ ፓራውልቱ ወርዶ ከኋላው ያለው ብረት ይታይ። ከላይ ጭረት ብቻ የሚመስል መኪና ውስጡ ራዲያተሩን የያዘው ብረት ታጥፎ ይገኛል። ጥገናው ተጀምሮ አዲስ ጉዳት ከተገኘም ሥራውን አቁሙ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለኩባንያው ጽፋችሁ ተጨማሪ ግምት ጠይቁ። ሠርቶ ጨርሶ የሚጠይቅ ሰው አያገኝም።

ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሲሰበሰብ የዕቃዎቹ ዓይነት ተለይቶ ይጻፍ፤ አዲስ ኦርጂናል፣ አዲስ ግን ኦርጂናል ያልሆነ፣ ወይም ያገለገለ። «የፊት መብራት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ መብራት ተገጥሞላችሁ መከራከሪያ ታጣላችሁ። ያገለገለ ዕቃ ሁልጊዜ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለአሮጌ መኪና ከፎርጂዱ አዲስ ይሻላል። ግን ተስማምታችሁ ይሁን።

የፕሮፎርማ ዋጋ የሚቆየው ለቀናት ነው። ኩባንያው ወር አዘግይቶ ሲያጸድቅ መለዋወጫ ሻጩ «በዚያ ዋጋ የለም» ይላል፣ ልዩነቱም ወደ እናንተ ይገፋል። ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። አዲስ ፕሮፎርማ አውጡና መዘግየቱ የማን እንደሆነ በቀን ዘርዝራችሁ አስገቡ። ገቢ የተመታባቸው ደብዳቤዎች ካላችሁ ይህ አያስቸግርም።

ኩባንያው በመረጠው ጋራዥ ይሠራ ወይስ ገንዘቡን ወስጄ ራሴ ላሠራ? አዲስና ውድ መኪና ከሆነ በኩባንያው ጋራዥ ይሁን፤ ባትላሜራው ወይም ቀለሙ ቢበላሽ ተጠያቂ አለ። ዕድሜ የጠገበ፣ ዕቃው የማይገኝ መኪና ከሆነ ግን ገንዘቡን ወስዶ የሚያውቁት መካኒክ ጋ መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ፣ ባንኩ የስምምነት ደብዳቤ እንዲጽፍ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ከሌለ ክፍያው እዚያ ላይ ይቆማል።

ስትፈርሙ

መጨረሻ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ይቀርባል። መኪናውን ነድታችሁ ሳታዩ አትፈርሙ። መሪው ይጎትታል ወይ? በሮቹ በእኩል ይዘጋሉ? ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩት፣ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ቀለም አንድ ይመስላል። የቀረ ነገር ካለ ወረቀቱ ላይ በእጃችሁ ጻፉና ከዚያ ፈርሙ።

ጥፋተኛው ሌላኛው ሾፌር ከሆነ፣ የከፈላችሁትን ኤክሰስ ከእሱ ወይም ከኢንሹራንሱ መጠየቅ ትችላላችሁ። የእናንተ ኩባንያም ለከፈለው ገንዘብ በእናንተ ቦታ ገብቶ ይጠይቀዋል።

እንቢ ካሉ ወይም ካዘገዩ

«አይሸፈንም» የሚለውን መልስ በቃል አትቀበሉ። በየትኛው የውሉ አንቀጽ እንደተከለከለ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ደብዳቤ ሲጠየቅ መልሱ የሚለወጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ያን ደብዳቤ የሚፈርም ኃላፊ ውሉን እንደገና ማንበብ አለበት። ከክሌም ክፍሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ባንክ ውጡ። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ማመልከቻችሁ አጭር ይሁን፣ ቀኖቹ በቅደም ተከተል ይጻፉ፣ ገቢ የተመታባቸው ቅጂዎች ይያያዙ።

ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ መኖሩን እዩ። ካለ ክርክሩ መጀመሪያ እዚያ ሊላክ ይችላል። ጊዜውንም ቁጠሩ፤ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «እያየነው ነው» የሚል የቃል መልስ ይዘው ሁለት ዓመቱን የጨረሱ ሰዎች አሉ። ዓመት ከስድስት ወር ካለፈና እጃችሁ ላይ የተጻፈ ቁርጥ ያለ ነገር ከሌለ፣ ፋይላችሁን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።